እናቴን በፍልሰታ ፍሎሪዳ ልውሰዳት?

ውድ አማካሪ፣

በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር የ41 ዓመት ሴት ነኝ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። እናቴን ካየኋት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ እግዚአብሔር ፈቅዶ ቪዛ አግኝታለች፤ ጁን መጀመሪያ ላይ ከደብረ ብርሃን መጥታ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከእኛ ጋር ትቆያለች። 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

አሥር ዓመት የሆነው ልጄ ስለ እንስሳት ያላነበበው ነገር የለም። ፍሎሪዳ ወስጄ አዞና ማናቲ የሚባለውን ሣር በል ትልቅ የውሃ እንስሳ ላሳየው ቃል ከገባሁለት ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሁለት ጊዜም በሥራ ምክንያት ቀርቷል። በዚህ ዓመት የተፈቀደልኝ ዕረፍት ከኦገስት 8 እስከ 16 ነው። ይህ ደግሞ ፍልሰታ ነው። እናቴ ፍልሰታን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ አሳልፋ አታውቅም። በስልክ ነገሩን ሳነሳላት «እኔ የምመጣው እናንተን ለማየት ነው። አውሬ ለማየት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? እኔን ተዉኝና ሂዱ» አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ገብሳችንን ከጭላዳ ስትጠብቅ የምትውል ሴት ስለሆነች ይህን ማለቷ አልገረመኝም። ባለቤቴ «በዚያ ሙቀት እሳቸውን ማንገላታት ግፍ ነው፤ እህቴ ቤት ይቆዩና እኛ እንሂድ» ይላል። ዘጠኝ ዓመት የናፈቅኳትን እናቴን ለዘጠኝ ቀን ሰው ቤት ትቼ መሄድ አንጀቴ አልቻለም። ጉዞውን ብሰርዘው ደግሞ ልጄ «ድሮም አውቄ ነበር» ይለኛል። ባለፈው ዓመት ያለኝ ይህንኑ ነው። እሱና አያቱ በስልክ እንኳ ብዙም አያወሩም፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ ለመናገር ያፍራል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

ልቤ ለሁለት የተከፈለብኝ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባቤ ልቤ የቀረው «ድሮም አውቄ ነበር» በምትለው የልጅሽ ቃል ላይ ነው። አንቺም ያንን ቃል ዓመት ሙሉ ይዘሽው የኖርሽ ይመስለኛል። ከወዲያ በኩል ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ናፍቆት አለ። ሁለቱም እውነተኛ ዕዳዎች ናቸው፤ እንቅልፍ ቢነሱሽ አይደንቅም።

ከእናትሽ ልጀምር። «እኔን ተዉኝና ሂዱ» ያሉት ምን ማለታቸው ይመስልሻል? በእኛ አገር እናት አፍ ይህ ንግግር ብዙ ትርጉም አለው። «በእውነት አልፈልግም» ሊሆን ይችላል። «ወጪ አላብዛባችሁ፣ ሸክም አልሁንባችሁ» የሚል ይሉኝታም ሊሆን ይችላል። «ፍልሰታዬን አትንኩብኝ» ማለትም ይሆናል፤ ይህን ደግሞ በስልክ፣ ያውም አማች አጠገብ ቆሞ በሚሰማበት ሰዓት፣ በግልጽ አይናገሩትም። የትኛው እንደሆነ አንቺም እኔም በግምት ልንደርስበት አንችልም። ሲመጡ፣ የጉዞው ድካም ከወጣላቸው በኋላ፣ ቡና አፍልተሽ ሁለታችሁ ብቻ ስትቀመጡ ጠይቂያቸው። «ትመጫለሽ ወይ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። ያ ጥያቄ «እኔን ተዉኝ» የሚለውን መልስ ራሱ ይጠራዋል። «እማዬ፣ በፍልሰታ ምን ማድረግ ነው የምትፈልጊው? ከፍልሰታ በፊት ብንሄድስ ምን ይከብድሻል?» ብትያቸው የልባቸውን ለመናገር በር ይከፈትላቸዋል።

«ከፍልሰታ በፊት» ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ስለ ቦታው ልንገርሽ፤ ጭንቀትሽ ግማሹ ከእሱ የመጣ ይመስለኛልና።

በጋ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ ነው። የደቡብ ፍሎሪዳ በጋ ግን በእኛ አቆጣጠርም በጠባዩም ክረምት ነው። ከሜይ እስከ ኖቬምበር ዝናቡ ይወርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል፣ መብረቅና ነጎድጓድ ይከተላል። ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌን ለሚያውቅ ሰው እንግዳው ነገር ሙቀቱ ብቻ ነው። ልጅሽ አዞ አያለሁ ብሎ የሚያልመው ኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ይመስለኛል፤ በ1947 የተመሠረተ፣ ከ6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ረግረግና ሣር ነው። አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዘመድና አዞ በአንድ ላይ የሚኖሩበት ሥፍራ በዓለም ላይ ደቡብ ፍሎሪዳ ብቻ ስለሆነ ልጁ ቢጓጓለት እውነት አለው። ነገር ግን እንስሳቱ በብዛት የሚታዩት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ያኔ ውሃው ይሸሽና በጥቂት ኩሬዎች ላይ ይቀራል፤ ወፉም፣ ዓሣውም፣ አሊጌተሩም እዚያው ይሰበሰባል። በዝናቡ ወቅት ውሃው ሜዳውን ሁሉ ስለሚሸፍን እንስሳቱም ይበተናሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጁላይ ሄጄ ከሣርና ከትንኝ በቀር ያየሁት ጥቂት ነበር፤ የትንኙን ብዛት እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ባለቤትሽ «ግፍ ነው» ያለው ስለ ኤቨርግሌድስ በኦገስት ከሆነ፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ማናቲውም እንደዚሁ ነው። ክሪስታል ሪቨር በሚባለው ሥፍራ ማናቲዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው የሚታዩት ባሕሩ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ከመሬት የሚፈልቀውን ሞቅ ያለ ውሃ ፍለጋ ሲመጡ ነው። በበጋ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ተበትነው ሣራቸውን ይበላሉ። ይህን ለልጅሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ከሜሪላንድ ድረስ ሄዶ ባዶ ውሃ ከሚያይ፣ እንስሳው በየትኛው ወር የት እንደሚሄድ ካርታ ዘርግቶ አብሮሽ ቢመረምር ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ጨዋታ ነው።

ታዲያ በጋ ለምን ይሆናል? ለኤሊ።

በፍሎሪዳ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከሜልበርን ቢች እስከ ዋባሶ ቢች ድረስ 32 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘረጋው የባሕር ዳር ላይ በ1991 የተቋቋመ አርቺ ካር የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ሎገርሄድ የሚባለው የባሕር ኤሊ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ በብዛት ዕንቁላል ከሚጥልባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዕንቁላል መጣሉ የሚበረታው በጁንና በጁላይ ነው። እናቲቱ በሌሊት ከባሕር ትወጣለች፤ ከብዳ፣ እየተጎተተች፣ አሸዋውን በኋላ እግሮቿ ትቆፍራለች፤ መቶ ያህል ዕንቁላል ትጥላለች፤ መልሳ ትሸፍነውና ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ዓይኗ ያነባል፤ ጨው የሚያስወግድ ዕጢ ስላላት ነው ይላሉ የሚያውቁት። ሌላው ደግሞ ይኸው ነው፦ ዕንቁላል የምትጥለው ኤሊ ሃያም ሠላሳም ዓመት በባሕር ስትዞር ኖራ ራሷ ወደተፈለፈለችበት አካባቢ የተመለሰች ናት። ይህን ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ፊታቸውን ተመልከቺ። እኔ አንቺን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።

በፈቃድ የሚሠሩ አስጎብኚዎች በጁንና በጁላይ ሌሊት ጥቂት ሰው ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ይወስዳሉ። በራስ ሄዶ ኤሊዋን መቅረብ ክልክል ነው፤ የስልክ መብራትም ሆነ ፎቶ ማንሻ ብልጭታ ስለሚያስደነግጣት አይፈቀድም። ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ያልቃል። ለልጆች የዕድሜ ገደብ የሚያደርጉም ስላሉ ስትመዘገቢ የልጁን ዕድሜ ንገሪያቸው። በአሸዋ ላይ በጨለማ ረዘም ያለ መንገድ ሊያስኬድ፣ ሌሊቱም እስከ እኩለ ሌሊት ሊደርስ ስለሚችል እናትሽ ጉልበታቸው ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልሆነላቸው ባለቤትሽና ልጅሽ ይሂዱ፤ እናንተ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ የባሕሩን ድምፅ እየሰማችሁ የዘጠኝ ዓመቱን ወግ ቀጥሉ። ከባሕሩ አጠገብ ቤት ከተከራያችሁ ግን በባሕር በኩል ያለውን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃውንም ዝጉ። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ወደ ብርሃን ስለሚሄዱ የቤት መብራት ከባሕሩ አሳስቶ ወደ መንገድ ይመራቸዋል። ይህን ሥራ ለልጅሽ አደራ ስጪው፤ በየምሽቱ መብራት የሚያጠፋ እሱ ይሁን።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ይህ ጁላይ 12 ይውላል። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ነው። በሁለቱ ጾም መካከል ሃያ አምስት ቀን ያህል አለ፤ የኤሊው ወቅትም እዚያው ውስጥ ይወድቃል። የአውሎ ነፋሱ ጊዜ በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቢሆንም የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ነውና በዚህም በኩል ጁላይ ይሻልሻል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን በሚቀጥለው ሰኞ ወደ አለቃዬ ሄጄ፣ ዘጠኝ ቀን ባይሆንም፣ በጁላይ ሦስተኛ ሳምንት አምስት ቀን እለምናለሁ። በሥራ ቦታሽ ልጅ የሌላት ወይም ዕረፍቷን በኦገስት ብታደርገው የምትመርጥ ባልደረባ የለችም? በአረጋውያን ቤት የሚሠሩ ሰዎች ተራ ሲቀያየሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «እናቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጥታለች» ማለት ለመለመን የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም።

ስለ ሙቀቱ ባለቤትሽ የተጨነቀው ለእናትሽ ስለሆነ አክብሪለት። አንድ ነገር ግን ንገሪው፦ ሜሪላንድም በጁላይ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የሜልበርን ቀን ከእናንተ ቀን ብዙም አይበልጥም። የሚለየው እርጥበቱና ሌሊቱ የማይቀዘቅዝ መሆኑ ነው። እናትሽ ከደብረ ብርሃን ቀጥታ ፍሎሪዳ ቢወርዱ ይከብዳቸው ነበር፤ እናንተ ዘንድ ስድስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ግን ሰውነታቸው ትንሽ ይለምዳል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ውሃ ከሰውነት ስለሚያስወጣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ዘንድ ወስደሽ የሚወስዱትን መድኃኒት አሳዪ፤ ለእንግዳ የሚሆን የጤና መድን ካልገዛሽላቸውም አሁን ግዢ። ቀኑን እንደ ቆላ ሰው ኑሩት፦ በማለዳ መውጣት፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ቤት ገብቶ መተኛት፣ ነጎድጓዱ ካለፈ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወደ ማታ መውጣት።

በማለዳው ምን ይታያል? አንደኛው ቀን ለፔሊካን ደሴት ይሁን። አሜሪካ ለወፎች ብላ የከለለችው የመጀመሪያው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ በ1903 ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከለሉት፤ ምክንያቱም ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ተብሎ ላባቸው ሲነጭ ወፎቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። ደሴቲቱን ከወዲህ ማዶ ካለ ማማ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ የሚያደርሰው የእንጨት መተላለፊያ እያንዳንዱ ሳንቃ የአንድ መጠለያ ስም ተቀርጾበታል፤ ማንበብ ለሚወድ ልጅ እሱ ብቻ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሌላ ቀን ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና ተጉዛችሁ ሜሪት ደሴት ግቡ። ብላክ ፖይንት የሚባል 11 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ አለ፤ ከመኪናው ሳትወርዱ፣ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ አሊጌተርና ሽመላ የመሳሰሉ ወፎች ታያላችሁ። እናትሽ የሚደሰቱበት ይህ ይመስለኛል። እዚያው አቅራቢያ ሆሎቨር የሚባል ቦይ ዳር የማናቲ መመልከቻ መድረክ አለ፤ በበጋም ብቅ የሚሉ አሉ። ላይመጡም ይችላሉ፤ ቢመጡ ግን ልጅሽ ያልጠበቀውን ያገኛል። መመገብና መንካት በሕግ ክልክል ነው። አሊጌተር በሚኖርበት ኩሬ ዳርም ሲመሽ አትቁሙ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ በመኪና አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለ68 ዓመት ሰው እግር ያብጣል። እስከ ኦርላንዶ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ መኪና ተከራዩ። እናትሽ በአገር ውስጥ በረራም ፓስፖርታቸውን መያዝ አለባቸው፤ አትርሺው። ሆቴል ከምትይዙ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ። ለረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር፣ ጥቂት እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ኤቨርግሌድስ እንውረድ ካላችሁ ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያው ከነዋሪ ሊለይ ስለሚችል የፓርኩን ገጽ አስቀድመሽ ተመልከቺ።

አለቃሽ እምቢ ብትልስ? ያኔ በኦገስት እናትሽን ይዘሽ አትሂጂ። ጾመኛ ሰው በዚያ ሙቀት፣ ያውም መድኃኒት እየወሰዱ፣ አይሆንም። እህቱ ቤት ትቶ መሄዱም አንቺን እየቆጠቆጠሽ ስለሚያውልሽ ለልጅሽም አይጠቅመውም። ሌላ መንገድ አለ፦ ባለቤትሽና ልጅሽ በጁላይ መጨረሻ ለአራት ቀን ብቻቸውን ይሂዱ። የኦገስቱን ዕረፍትሽን አንቺ ከእናትሽ ጋር በፍልሰታ አሳልፊው፤ ቅዳሴው፣ ኪዳኑ፣ ማታ የሚበላው ሽሮ። እናትሽ ከሁሉ በላይ የሚመኙት ይህን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬያለሁ። ልጅሽ ደግሞ ከአባቱ ጋር ኤሊ አይቶ ሲመለስ የሚነግራቸው ነገር ይኖረዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም በላይ ይታየኛል። እሱና አያቱ እንደማያወሩ ጽፈሻል። ልጁ ስለ እንስሳት ከመጽሐፍ ያውቃል፤ እሳቸው ደግሞ ጭላዳ በየትኛው ሰዓት ከገደል ወጥቶ ገብስ ውስጥ እንደሚገባ፣ መንጋው ጠባቂውን እንዴት እንደሚያታልል፣ ጅብ ሲቃረብ ከብቱ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተው ያውቃሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደሌለ ልጅሽ ቢያውቅ፣ አያቱን የሚያይበት ዓይን የሚለወጥ ይመስለኛል። እናትሽ «አውሬ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» ያሉትን ጥያቄ አንቺ አትመልሺላቸው። ልጅሽ ይመልስላቸው፤ በተሰባበረ አማርኛውም ቢሆን። «አያቴ፣ ጭላዳውን እንዴት ነበር የምታባርሪው?» ብሎ እንዲጀምር ብቻ አስተምሪው። እሳቸው ከጀመሩ አያቆሙም፤ አንቺ አስተርጓሚ ሆነሽ ትቀመጫለሽ።

ለልጅሽ ዛሬ ማታ ንገሪው። «እንሄዳለን» አትበይው፤ ያንን ቃል ሁለት ጊዜ ሰምቶታል። «ሰኞ አለቃዬን ቀን እንድትቀይርልኝ እጠይቃለሁ፤ ማታ የሰጠችኝን መልስ እነግርሃለሁ» በይው። ሰኞ ማታ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ እራት ላይ ንገሪው። ማናቲ ለማየትም የሚቀጥለውን ዓመት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ አንድ ሳምንት መርጣችሁ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እሱ ራሱ በእስክሪብቶ ይክበበው።